የዲስትሮየር መርፊ (ዲዲ-603) ታሪክና የ1945 ፖስታዎቿ፦ ከሁለቱ የሚታመነው የትኛው ነው?

#1 · ሰማያዊ ማኅተም

ሰላም ለመድረኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ባሕር ኃይል ዲስትሮየር (ሌሎች መርከቦችን የሚያጅብ ፈጣን የጦር መርከብ) የመርፊ ናቸው የተባሉ ሁለት ፖስታዎች ለሽያጭ ቀርበዋል። የሚታየውን እንዳለ ልዘርዝረው።

ፖስታ «ሀ»፦ ወረቀቱ በጣም ነጭ ነው። ቀኝ ጥግ ላይ የ3 ሳንቲም ሐምራዊ ቴምብር አለ፤ ክንፉን ወደ ላይ የዘረጋ ንስር ያለበት፣ «ጦርነቱን እናሸንፍ» የሚለው። ክቡ ማኅተም ዙሪያውን «ዩ.ኤስ.ኤስ. መርፊ»፣ መሐሉ «ፌብሩዋሪ 14 1945» ይላል። ቴምብሩን በሚሰርዙት አግዳሚ መስመሮች መካከል «ግሬት ቢተር ሌክ፣ ኢጂፕት» ተጽፏል። ግራ በኩል የዐረብ ንጉሥና የጦር መርከብ ሥዕል ያለበት አረንጓዴ ካሼ (የማስታወሻ ሥዕል) ታትሟል። አድራሻው በሰማያዊ ቀለም፣ በቀጭንና ወጥ መስመር የተጻፈ ነው። የሳንሱር ምልክት የለውም።

ፖስታ «ለ»፦ ወረቀቱ ርካሽ ነው፣ ወደ ቢጫ አድልቷል። ቴምብር የለም፤ በቦታው በእጅ «ፍሪ» (ነፃ) ተብሎ ተጽፏል። ማኅተሙ «ዩ.ኤስ. ኔቪ» ብቻ ነው የሚለው፤ ቀኑ ፌብሩዋሪ 20 1945፣ ከቀትር በፊት። ታች በግራ የሳንሱር ክብ ማኅተም፣ ውስጡም ሁለት ፊደል ያለው ፊርማ ይታያል። ላይ በግራ የመርከበኛው ስምና ማዕረግ፣ ከሥሩ «ዩ.ኤስ.ኤስ. መርፊ ዲዲ-603፣ ፍሊት ፖስት ኦፊስ፣ ኒው ዮርክ»።

ለ«ሀ» የተጠየቀው ዋጋ የ«ለ»ን ብዙ እጥፍ ነው። ገለጻው ደግሞ «ሩዝቬልት ከንጉሥ ኢብን ሳዑድና ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር የተገናኙባት መርከብ» ይላል። የትኛው ይታመናል? ገለጻውስ ልክ ነው?

#2 · ዳህላክ

ከገለጻው ልጀምር፤ ልክ አይደለም። ስብሰባዎቹ የተካሄዱት በከባድ ክሩዘር (ከዲስትሮየር የሚተልቅ የጦር መርከብ) ኩዊንሲ (ሲኤ-71) ላይ እንጂ በመርፊ ላይ አይደለም። ሩዝቬልት ከያልታ ጉባኤ በአውሮፕላን ግብፅ ገብተው ፌብሩዋሪ 12 ወደ ኩዊንሲ ተመለሱ። መርከቧ የቆመችው በስዊዝ ካናል መሐል ባለው ታላቁ መራራ ሐይቅ ነበር። ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 13 መጀመሪያ የግብፁ ንጉሥ ፋሩቅ፣ ቀጥለው ጃንሆይ ወደ ኩዊንሲ ወጡ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። ጃንሆይ ካነሷቸው ጉዳዮች መካከል የባሕር በር፣ ኤርትራና የጅቡቲ ባቡር ነበሩ።

የመርፊ ሥራ ሌላ ነበር። ወደ ጅዳ ሄዳ የሳዑዲ ዐረቢያውን ንጉሥ ኢብን ሳዑድንና ተከታዮቻቸውን ፌብሩዋሪ 12 አሳፈረች፤ ሁለት ሌሊት በቀይ ባሕር ተጉዛ ረቡዕ ፌብሩዋሪ 14 ጠዋት ኩዊንሲ ዘንድ አደረሰቻቸው። ንጉሡ የመርከቧን ክፍል ትተው ከላይ ባለው ወለል ላይ በተዘረጋ ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። ብረቱ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ በጎች በሕይወታቸው ተጭነው ከኋላ በኩል ይታረዱ ነበር። በጉዞው በሳዑዲ ዐረቢያ የአሜሪካ መልእክተኛ (ሚኒስትር) የነበሩት ኮሎኔል ዊልያም ኤዲ አስተርጓሚም አስታራቂም ሆነው አብረው ነበሩ።

ስለዚህ ጃንሆይ ከሩዝቬልት ጋር በተነጋገሩበት ሰዓት መርፊ ገና ቀይ ባሕር ላይ ወደ ስዊዝ እየቀዘፈች ነበር። ጃንሆይንና መርፊን በአንድ ፖስታ ላይ የሚያጋባ ጽሑፍ ካያችሁ መነሻው ስህተት ነው። የኢትዮጵያን ታሪክ የሚሰበስብ ሰው መፈለግ ያለበት የኩዊንሲን ፖስታ ነው።

የመርከቧን ታሪክ ባጭሩ። ቤንሰን ከሚባለው ምድብ ነች። ሥራዋ በኒው ዮርክ ስታተን አይላንድ፣ በቤተልሄም ስቲል መርከብ መሥሪያ ሜይ 19 ቀን 1941 ተጀመረ፤ ኤፕሪል 29 ቀን 1942 ውሃ ገባች፤ ጁላይ ላይ አገልግሎት ጀመረች። ርዝመቷ 348 ጫማ ግድም (106 ሜትር) ነው፤ ዋና መድፎቿ ባለ 5 ኢንች። ኖቬምበር 8 ቀን 1942 ሞሮኮ ፈዳላ ላይ ወታደር ሲወርድ ከባሕር ዳርቻ የተተኮሰ ጥይት የኋላ ሞተር ክፍሏን መትቶ 3 ሰዎች ሞቱ። ጁላይ 1943 ሲሲሊ፤ ጁን 1944 ኖርማንዲ፤ ጁን 25 የሼርቡር ድብደባ፤ ኦገስት ደቡብ ፈረንሳይ። ማርች 9 ቀን 1946 ከአገልግሎት ወጣች፣ ኖቬምበር 1970 ከመዝገብ ተሰረዘች፣ 1972 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

#3 · ቀለምና ወረቀት

ዳህላክ ታሪኩን በደንብ አስቀምጦታል። እኔ ወደ ማኅተሙ ልግባ፤ ጉዳዩ የሚያልቀው እዚያ ነው።

የአሜሪካ ጦር መርከቦች የራሳቸው ፖስታ ቤት እንዲኖራቸው የተፈቀደው በ1908 ነው። በ1930ዎቹ መሰብሰቡ ሲስፋፋ (የመርከብ ማኅተም ሰብሳቢዎች ማኅበር የተቋቋመው በ1932 ነው) የመርከቧ ስም በክቡ ላይ፣ የወደቡ ስም ወይም የበዓሉ ስም በመስመሮቹ መካከል መጻፍ የተለመደ ሆነ። ሰብሳቢዎች በሚሠሩበት የሎሲ አመዳደብ ይህ ዓይነት 3 ይባላል። ጽሑፉ ከጎማ ፊደል ተለቅሞ የሚገባ ስለሆነ የመርከቡ ፖስታ ሠራተኛ የፈለገውን ሊጽፍ ይችል ነበር። የሰላም ጊዜ ልማድ ነው።

ፐርል ሃርበር ከተመታች በኋላ ይህ ሁሉ ቆመ። የመርከብ ስም ከማኅተም ላይ ወጣ፤ ቀረው «ዩ.ኤስ. ኔቪ» ብቻ። በሎሲ አመዳደብ ከቁጥሩ ቀጥሎ ዜድ የሚለው ፊደል ሲጨመር «ስም አልባ» ማለት ነው፤ 2ዜድ በብዛት የሚገኘው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስምና ቀን አንድ ላይ ከታዩ ጠላት መርከቧ በየትኛው ቀን የት እንደነበረች ይቆጥራል። ቦታማ ፈጽሞ አይጻፍም።

አሁን ፖስታ «ሀ»ን ተመልከቱ። በጦርነት መሐል፣ የአገር መሪ ባለበት በምስጢር የተያዘ ስብሰባ ላይ፣ የመርከቧ ስምም፣ ቀኑም፣ የሐይቁም ስም በአንድ ማኅተም ላይ። ይህ ያኔ ሊወጣ አይችልም። የሳንሱር ምልክት አለመኖሩ ደግሞ ሁለተኛው ምስክር ነው። «ለ» ግን ሊኖረው የሚገባው ሁሉ አለው፤ ሊኖረው የማይገባው አንድም ነገር የለበትም። የጦርነት ጊዜ የባሕር ኃይል ፖስታ ሲበዛ ተራ መስሎ መታየት አለበት። ያማረው ሲመጣ ነው መጠንቀቅ።

#4 · አራት ኪሎ

ቀለምና ወረቀት፣ አንድ ነገር ግን ልሞግት። የፖስታ ሠራተኛው ከጦርነቱ በፊት የነበረውን ባለ ስም ማኅተም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ቢሆንስ? በንጉሡ መምጣት ተደስቶ ለማስታወሻ ቢመታበት? በሌሎች መርከቦች እንዲህ ዓይነት ነገር እንዳለ ይታወቃል።

#5 · ቀለምና ወረቀት

ጥሩ ሙግት ነው፤ ለድሮ መርከብ ቢሆን እቀበለው ነበር። ለመርፊ ግን አይሠራም። አገልግሎት የጀመረችው ጁላይ 1942 ነው፤ የስም ክልከላው ከወጣ ከወራት በኋላ። ከጦርነት በፊት የሆነ ባለ ስም ማኅተም ኖሯት አያውቅም፤ የተረከበችው ስም አልባውን ነው። ለዚህ ነው የአገልግሎት ቀን ማወቅ ከማኅተም ዓይነት ማወቅ እኩል የሚያስፈልገው።

ባለ ስም ማኅተም የሚጠበቀው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ከ1945 መጨረሻ እስከ ማርች 1946። እዚህ ላይ ነው ወጥመዱ። በማኅተሙ መሐል ያሉት የወር፣ የቀንና የዓመት ቁርጥራጮች ተነቃይ ናቸው። እውነተኛ ማኅተም በእጁ ያለ ሰው ቀኑን ወደ ኋላ መልሶ መምታት ይችላል። ስለዚህ «ማኅተሙ እውነተኛ ነው» ማለትና «በዚያ ቀን ተመታ» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ማየት የሚገባችሁ፦ 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር የቀኑ ቁጥሮች ከዙሪያው ፊደሎች ጋር በአንድ ጥልቀትና በአንድ የቀለም መጠን መታተማቸውን፤ ቁጥሮቹ በአንድ መስመር መቀመጣቸውን፤ ቀለሙ ከቴምብሩ ወደ ወረቀቱ ሲሻገር አለመቆራረጡን። ማኅተም ሲመታ ቴምብሩ ከወረቀቱ ከፍ ስለሚል በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን ነጭ ክፍተት ይቀራል። መስመሩ ያለ ምንም ክፍተት ፍጹም ወጥ ሆኖ ከተሻገረ በአታሚ ማሽን የተሠራ ሊሆን ይችላል።

#6 · ሻላ

ይቅርታ፣ ለጀማሪ አንድ ጥያቄ። «ለ» ላይ ቴምብር የለም፤ «ፍሪ» ተብሎ በእጅ የተጻፈው ለፖስታ ቤት በቂ ነበር?

#7 · ዳህላክ

በቂ ነበር። ከኤፕሪል 1 ቀን 1942 ጀምሮ በአገልግሎት ላይ ያለ የአሜሪካ ወታደርና መርከበኛ ተራ ደብዳቤ ያለ ክፍያ ይልክ ነበር፤ መብቱ እስከ 1947 መጨረሻ ቆይቷል። ግዴታው «ፍሪ» የሚለውን በራስ እጅ መጻፍና በላኪ አድራሻው ላይ ስም፣ ማዕረግና ክፍል ማስቀመጥ ነው። በማኅተም የተመታ «ፍሪ» ካጋጠማችሁ ቆም ብላችሁ መርምሩት፤ የተለመደው የእጅ ጽሑፍ ነው።

ነፃው መብት ለአየር ፖስታ አይሠራም። መርከበኛ ደብዳቤው ቶሎ እንዲደርስ ከፈለገ ለእያንዳንዱ ግማሽ አውንስ (14 ግራም) 6 ሳንቲም ይከፍላል። የሚለጠፈው በ1941 የወጣው የ6 ሳንቲም ቀይ የአየር ቴምብር ነው፤ ወይም ባለ 6 ሳንቲም የታተመበት ኤንቨሎፕ። ከመርፊ የሚመጡ ፖስታዎች ወይ «ፍሪ» ወይ 6 ሳንቲም ሆነው ብታገኟቸው ትክክል ነው። በ«ሀ» ላይ ያለው የ3 ሳንቲም ቴምብር ጁላይ 4 ቀን 1942 የወጣ ስለሆነ ከቀኑ ጋር አይጋጭም፤ ግን ነፃ መላክ የሚችል መርከበኛ 3 ሳንቲም የሚያወጣበት ምክንያት አይታይም። ቴምብሩ ትክክለኛ መሆኑ ፖስታውን ትክክለኛ አያደርገውም።

#8 · ቀለምና ወረቀት

ወደ ወረቀቱና ቀለሙ፤ እነዚህ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ምርመራዎች ናቸው።

መጀመሪያ የእስክሪብቶ ቀለም። «ቀጭንና ወጥ መስመር» ሲል ሰማያዊ ማኅተም የጻፈው ባለ ኳስ እስክሪብቶን ይመስላል። በአሜሪካ ባለ ኳስ እስክሪብቶ ለሕዝብ ገበያ የወጣው ኦክቶበር 29 ቀን 1945 በኒው ዮርክ ነው፤ ከስብሰባው ከስምንት ወር በኋላ። በፌብሩዋሪ መርከበኞች የሚጽፉት በቀለም ብዕር ወይም በእርሳስ ነበር። ልዩነቱ በማጉያ ይለያል። የቀለም ብዕር መስመር ሲጫን ይሰፋል፣ ጫፉ ሁለት ሆኖ ይከፈላል፣ በርካሽ ወረቀት ላይ ወደ ጎን ይሰርጋል። ባለ ኳሱ ግን ወረቀቱን ያጎደጉዳል፤ ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስ የቀለም ጠብታ ይጥላል፤ መሐሉ ላይ ቀለም ያልነካው ነጭ ክር ይተዋል። በጀርባ በጣት ሲዳሰስ ጉብታው ይሰማል።

ሁለተኛ ጥቁር መብራት፤ 365 ናኖሜትር የሚለውን ግዙ፤ ርካሹ 395 የሚለው ሐምራዊ ብርሃኑ ስለሚበዛ ያደናግራል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ፖስታውን ከላይም ከውስጥም አብሩበት። ወረቀት የሚያነጣ ኬሚካል በስፋት የገባው ከ1950 ግድም ወዲህ ነው። የ1945 ወረቀት ደብዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ወተት መሳይ ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ግን ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ያበራል። ማስጠንቀቂያ፦ በዘመናዊ የዱቄት ሳሙና የታጠበ ጨርቅ ከነካው፣ ወይም በነጭ ካርቶን ላይ ከተቀመጠ፣ የድሮ ወረቀትም ጠርዙ ሊያበራ ይችላል። ስለዚህ በጥቁር ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ የውስጡን እጥፋት እዩ፤ እሱ በቀላሉ አይበከልም።

ሦስተኛ የቴምብር ቀን። ሩዝቬልት ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ነው ያረፉት። በአሜሪካ የመታሰቢያ ቴምብሮቻቸው መውጣት የጀመሩት በጁን 27 በ3 ሳንቲሙ ነው። የሩዝቬልት ቴምብር ላይ «ፌብሩዋሪ 14 1945» ማኅተም ካያችሁ ምርመራው እዚያው አበቃ። ኢትዮጵያም ለሩዝቬልት መታሰቢያ ቴምብር ያወጣችው በ1947 ነው፤ በ1945 ማኅተም ሊመታበት አይችልም። ባለ አምስት አኃዝ የአሜሪካ ፖስታ ኮድ በአድራሻው ላይ ካለ ደግሞ ከጁላይ 1963 ወዲህ የተጻፈ ነው።

#9 · የመዝገብ ሰው

«ለ» ላይ ማረጋገጫ ሊገኝ ስለሚችል አሠራሩን ልጻፍ። ፌብሩዋሪ 20 ለስብሰባዎቹ የቀረበ ቀን ስለሆነ ሊደከምበት ይገባል።

የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰነድ አለ፤ እርስ በርስ አይተካኩም። አንደኛው የጦርነት ውሎ መዝገብ ነው፤ የመዝገብ ቡድን 38 በሚባለው ክፍል ውስጥ ይገኛል፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነቱ በብዛት በምስል ተነሥቶ በኢንተርኔት በነፃ ይከፈታል። በመርከቧ ስምና በወሩ ፈልጉት፤ «መርፊ፣ ዋር ዳያሪ፣ ፌብሩዋሪ 1945»። መርከቧ ከየት ወደየት እንደሄደች፣ ከማን ጋር እንደተጓዘች የሚናገረው እሱ ነው። ሁለተኛው በቡድን 24 ያለው የዕለት መዝገብ ነው፤ በየ4 ሰዓቱ ተረኛ መኮንን የሚጽፈው። ከጠዋቱ 2፣ ከቀትርና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የነበረችበት ቦታ በዲግሪና በደቂቃ ይሰፍርበታል። ሦስተኛው የሠራተኛ ስም መዝገብ ነው፤ በየሩብ ዓመቱ የተዘጋጀ፣ ተራ መርከበኞችን ብቻ የያዘ፤ መኮንኖችን እዚያ አትፈልጉ።

መጀመሪያ የላኪውን ስም በሠራተኛ መዝገቡ ላይ ፈልጉ። የተሳፈረበትን ቀን አንብቡ፤ ከፌብሩዋሪ 1945 በኋላ ከሆነ ፖስታው ወደቀ። ማዕረጉ በፖስታው ላይ ካለው ጋር ይስማማል? መርከበኛ ማዕረግ ሲያድግ አድራሻው ላይ ወዲያው ይቀይራል፤ ትልቅ ልዩነት ካለ ጠይቁ። ቀጥሎ የጦርነት ውሎ መዝገቡን ክፈቱና ፌብሩዋሪ 20 ላይ መርከቧ ወደብ ላይ ወይስ ባሕር ላይ እንደነበረች እዩ።

አንድ ነገር ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ፖስታ ሠራተኛው ደብዳቤውን የተቀበለበትና የመታበት ቀን ነው። የተጻፈበት ቀን አይደለም፤ ከመርከቧ የወረደበትም ቀን አይደለም። የሳንሱር መኮንኑ እስኪያነበው ሁለት ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ፖስታ የያዘ ቦርሳ ወደብ እስኪደረስ ወይም ለሌላ መርከብ እስኪሰጥ መርከቧ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የፌብሩዋሪ 20 ማኅተም ያለው ደብዳቤ ፌብሩዋሪ 14 ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ የሚያረጋግጠው በውስጡ ያለው ወረቀት ራስጌ ላይ የተጻፈው ቀን ብቻ ነው። ደብዳቤው ከፖስታው ጋር አብሮ ካለ ፈጽሞ እንዳትለያዩአቸው።

#10 · አራት ኪሎ

ደብዳቤው ውስጥ ስለ ንጉሡ ቢጻፍስ? ያ ትልቅ ማስረጃ አይሆንም?

#11 · የመዝገብ ሰው

ተቃራኒው ነው። ሳንሱር ያለፈ የፌብሩዋሪ 1945 ደብዳቤ ላይ ንጉሡ፣ ሐይቁና ፕሬዚዳንቱ በስም ተጠቅሰው ካገኛችሁ በጥርጣሬ አንብቡት። የሳንሱሩ መኮንን ቦታ የሚገልጽ ቃል ሲያገኝ በምላጭ ቆርጦ ያወጣ ነበር፤ ወይም በጥቁር ቀለም ይሰርዘው ነበር፤ ወይም ደብዳቤውን ለጸሐፊው ይመልሰው ነበር። ዜናው ይፋ የተደረገው ሩዝቬልት አካባቢውን ከለቀቁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ በተጻፉ ደብዳቤዎች ላይ ስለ ምንጣፉና ስለ በጎቹ መጻፍ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ የይዘቱን ቀን ከማኅተሙ ቀን ጋር አገናዝቡ። በምላጭ የተቆረጠ ወረቀት ከደረሳችሁ አትጠግኑት፤ ቀዳዳው ራሱ ሰነድ ነው።

#12 · ዳህላክ

በ#2 ላይ በችኮላ ያለፍኩት አንድ ነገር አለ፤ ለፖስታ ሰብሳቢ ከንጉሡ ጉዞ የማያንስ ነው። ኦክቶበር 21 ቀን 1943 ሌሊት መርፊ ከኒው ዮርክ የወጡ መርከቦችን አጅባ ስትሄድ ቡልክኦይል የተባለ ነዳጅ ጫኝ መርከብ መታት። መርከቧ ከፊት በኩል ለሁለት ተቆረጠች። የፊቱ ክፍል ሰጠመ፤ ከ30 በላይ ሰዎች አብረው ጠፉ። የቀሩት መርከበኞች ግድግዳዎቹን በእንጨት ደግፈው የኋላውን ክፍል አንሳፈፉት፤ ተጎትቶ ኒው ዮርክ ገባ። አዲስ የፊት አካል እስኪሠራላት ሰባት ወር ፈጀ። ያ ግማሽ አካል ነው በኋላ ኖርማንዲም ጅዳም የደረሰው።

ለፖስታ የሚኖረው ትርጉም ይህ ነው። ከኦክቶበር 1943 መጨረሻ እስከ 1944 ጸደይ የተላኩት ደብዳቤዎች የላኪ አድራሻቸው «ዩ.ኤስ.ኤስ. መርፊ» ሆኖ ማኅተሙ የብሩክሊን ወይም የኒው ዮርክ ከተማ ማሽን ማኅተም ሊሆን ይችላል፤ ሳንሱርም ላይኖርባቸው ይችላል። ይህ ስህተት አይደለም፤ መርከቧ መጠገኛ ላይ ስለነበረች ነው። ከአደጋው በፊት ለጠፉት መርከበኞች የተላኩና የተመለሱ ፖስታዎች ደግሞ ጣት የሚጠቁምበት «ወደ ላኪ ይመለስ» ማኅተም ሊኖራቸው ይችላል። ከነዚህ አንዱ እጃችሁ ከገባ በጥንቃቄ ያዙት፤ የአንድ ቤተሰብ ሐዘን ነው ያለበት፤ ስሙን በአደባባይ ከመለጠፋችሁ በፊት ሸፍኑት።

#13 · ሻላ

የኛ «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብስ? ዲስትሮየር ነበረች ሲሉ እሰማለሁ። የሷንም ፖስታ በዚሁ መንገድ መመርመር ይቻላል?

#14 · ዳህላክ

ዲስትሮየር አልነበረችም፤ ብዙ ቦታ እንዲህ ስለሚጻፍ ማስተካከሉ ጥሩ ነው። ዩ.ኤስ.ኤስ. ኦርካ (ኤቪፒ-49) የተባለች፣ በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን የምታገለግል መርከብ ነበረች። በዋሽንግተን ግዛት ሃውተን ላይ ተሠርታ ጃንዋሪ 23 ቀን 1944 አገልግሎት ጀመረች፤ ጃንዋሪ 1962 ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተሰጠች፤ ቁጥሯም ኤ-01 ሆነ። ርዝመቷ 311 ጫማ ግድም ነው፤ ከመርፊ ያጥራል። በ1991 ወደ የመን ሸሽታ በ1993 ለብረት ተሸጠች።

አመረማመሩ በሁለት ይከፈላል። እስከ 1962 መጀመሪያ ያለው እንደ ማንኛውም የአሜሪካ መርከብ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ስም አልባ፣ ከጦርነቱ በኋላ ባለ ስም ማኅተም። ከርክክቡ በኋላ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ማኅተም ሊኖራት አይችልም፤ የሚጠበቀው የኢትዮጵያ ቴምብርና የኢትዮጵያ ፖስታ ቤት ማኅተም ነው። በምጽዋ የባሕር ኃይል ቀን በዓል ላይ የመጡ የውጭ መርከቦች ግን የየራሳቸው ማኅተም ነበራቸው። በየዓመቱ አሜሪካኖች፣ እንግሊዞች፣ ፈረንሳዮችና ሶቪየቶች ይመጡ ስለነበር ለኢትዮጵያ ሰብሳቢ ገና ብዙ ያልተቆፈረ ማሳ ነው።

#15 · ሰማያዊ ማኅተም

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሻጩን ጠይቄ «ሀ» በ365 መብራት ፎቶ ተነሣ። እጥፋቱ ውስጥ ሳይቀር ደማቅ ሰማያዊ ያበራል። ጀርባውም በብርሃን ወደ ጎን ሲያዩት የአድራሻው መስመሮች ጎብጠው ይታያሉ። «ለ» በመብራቱ ደብዛዛ ነው፤ አድራሻው በቀለም ብዕር ነው የተጻፈው። ደብዳቤው ውስጥ የለም። «ለ»ን ልወስድ ነው። አያያዙንና በአልበም ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ንገሩኝ።

#16 · ቀለምና ወረቀት

ጥሩ መርጠሃል። ስለ አያያዝ፦ ለስላሳና ሽታ ያለው ፕላስቲክ (ፒቪሲ) አትጠቀም፤ ከጊዜ በኋላ ዘይት አውጥቶ ቀለሙን ያቀልጠዋል። ማይላር ተብሎ የሚሸጠውን ጠንካራና ጥርት ያለ የፖሊስተር ኪስ ግዛ፤ መደበኛው ትንሽ ኤንቨሎፕ 165 በ92 ሚሊሜትር ስለሆነ ከዚያ በሁሉም ጎን 5 ሚሊሜትር የሚሰፋ ይሁን። ከጀርባው አሲድ የሌለው ካርቶን አድርግ። ስኮች አትለጥፍ፣ አግራፍ አታድርግ፣ ላሚኔት አታስደርግ። ማስታወሻ ብትጽፍ በ2ቢ እርሳስ፣ በጀርባው፣ በቀላሉ ሳትጫን።

አዲስ አበባ ያለህ ከሆነ ብዙ ጭንቀት የለም፤ በክረምት ግን ከግድግዳ አርቀው። ጅቡቲ፣ ዱባይ ወይም ጅዳ ያላችሁ ተጠንቀቁ፤ አየር ማቀዝቀዣው ሲጠፋና ሲበራ ወረቀቱ ላይ ጠል ይቋጠራል፣ ቡናማ ነጠብጣብ የሚያመጣው እሱ ነው። በሚዘጋ ሣጥን ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ከረጢትና ትንሽ እርጥበት መለኪያ አስቀምጡ፤ ከ40 እስከ 50 በመቶ መካከል ይሁን። ከ35 በታች ከወረደ ወረቀቱ ይሰባበራል፤ ከረጢቱን አውጡ። ፖስታውን ከፊትም ከጀርባም በ600 ነጥብ በኢንች ስካን አድርገህ ዋናውን ወደ ጨለማ መልሰው። የፀሐይ ብርሃን የሳንሱሩን ሐምራዊ ቀለም በወራት ውስጥ ያደበዝዘዋል።

#17 · የመዝገብ ሰው

ለአልበሙ ጽሑፍ እኔ ይህን አቀርባለሁ። ላኪው በሠራተኛ መዝገቡ ላይ እስኪገኝ ድረስ የመጨረሻዋን መስመር ባዶ ተዋት፦

«ዩ.ኤስ.ኤስ. መርፊ (ዲዲ-603)። ከመርከበኛ የተላከ ነፃ ደብዳቤ፤ ደብዳቤው የለም። ስም አልባ የባሕር ኃይል ማኅተም፣ ፌብሩዋሪ 20 1945 ከቀትር በፊት። የባሕር ኃይል ሳንሱር ክብ ማኅተም፣ ባለ ሁለት ፊደል ፊርማ። መርከቧ የታወቀችው በላኪው አድራሻ ነው። ከስድስት ቀን በፊት፣ ፌብሩዋሪ 14፣ ንጉሥ ኢብን ሳዑድን ከጅዳ አምጥታ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ለነበረችው ኩዊንሲ አድርሳ ነበር። ላኪው በሠራተኛ መዝገብ፦ ______»